የአንባቢያን ጥያቄ፦ ድርጅቱን ማን ይረከባል?

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች መካከል በርከት ያሉት የአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶችን የአመራር ርክክብ የሚመለከቱ ናቸው። አንዱ ጸሐፊ ድርጅቱን ያቋቋመው ሰው ነው፤ ሌላዋ የተረከበችው ልጅ ናት፤ ሌላው ደግሞ ከቤተሰቡ ውጭ ሆኖ ሥራውን ለዓመታት የመራ ባለሙያ ነው። በዚህ ዕትም አራት ደብዳቤዎችን አንድ ላይ አቅርበናል። የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚገልጹ ዝርዝሮችን አስቀርተናል፤ ደብዳቤዎቹንም ፍሬ ነገራቸውን ሳንለውጥ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የብረታ ብረት ውጤቶችን የሚያመርት ድርጅት ከባለቤቴ ጋር ካቋቋምን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖናል። ዛሬ አርባ ያህል ሠራተኞች አሉን። ዕድሜዬ 67 ደርሷል። የበኩር ልጄ በሌላ ሙያ የተሰማራ ቢሆንም ድርጅቱን መምራት የሚገባው እርሱ እንደሆነ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ይነግረኛል። ሁለተኛዋ ልጄ በሽያጭ ክፍላችን ለስድስት ዓመታት ሠርታለች። የምርት ክፍሉን የሚመራው ሰው ደግሞ የቤተሰባችን አባል ባይሆንም ሥራውን ከማናችንም በተሻለ ያውቃል። ዘመዶቼ የቤተሰብ ድርጅት ሦስተኛ ትውልድ አይደርስም እያሉም ያስፈሩኛል። ልጆቼን ሳላስቀይም ማንን ልምረጥ?

መልስ፦ ያቀረቡት ጥያቄ አንድ ቢመስልም በውስጡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ ድርጅቱ የማን ንብረት ይሆናል፣ የዕለት ተዕለት ሥራውን ማን ይመራል፣ ለልጆችዎስ እንደ ልጅነታቸው ምን ይደርሳቸዋል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሬናቶ ታጁሪና ጆን ዴቪስ የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የቤተሰብ ድርጅትን በሦስት ተደራራቢ ክቦች የገለጹት ይህንኑ ለማሳየት ነበር፤ አንዱ ክብ ቤተሰብ፣ አንዱ ባለቤትነት፣ አንዱ ደግሞ ሥራ አመራር ነው። እርስዎ እስከ ዛሬ በሦስቱም ክቦች ውስጥ በአንድ ጊዜ ስለቆሙ አንዱን ከሌላው የሚለዩበት ምክንያት አልነበረዎትም፤ እንደ አባት ያሰቡትን እንደ ባለቤት ያጸድቁታል፣ እንደ ሥራ አስኪያጅም ያስፈጽሙታል። ከእርስዎ በኋላ ግን ሦስቱም በአንድ ሰው እጅ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ነገር የለም። የንብረት ድርሻ ለልጆች በእኩልነት ሊከፋፈል ይችላል፤ የመምራት ኃላፊነት ግን የሚከፋፈል ነገር አይደለምና ለሚችለው ሰው ብቻ መሰጠት አለበት። ይህን ልዩነት ለልጆችዎ አስቀድመው ካስረዷቸው፣ ለሥራ አስኪያጅነት ያልተመረጠው ልጅ ከአባቱና ከእናቱ ሀብት እንዳልተነቀለ ስለሚያውቅ የቅያሜው ምክንያት በእጅጉ ይቀንሳል።

ዘመድ ወዳጅ ስለ በኩርነት የሚልዎትን በተመለከተ በዴንማርክ የተደረገ አንድ ጥናት ጉዳይዎን በቀጥታ ይነካል። ሞርተን ቤነድሰንና ሦስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት በዚህ ጥናት የመረመሩት አመራራቸው ለቤተሰብ አባል የተላለፈና ለውጭ ባለሙያ የተላለፈ ድርጅቶችን ነው። ሁለቱን ወገኖች እንዲሁ ማወዳደር ያሳስታል፤ ለልጅ የተላለፈው ድርጅትና ለባዕድ የተሰጠው ድርጅት ከመጀመሪያውም በብዙ ነገር ሊለያዩ ይችላሉና። ተመራማሪዎቹ ስለዚህ ተሰናባቹ መሪ የበኩር ልጁ ወንድ ነው ወይስ ሴት የሚለውን መነሻ አደረጉ። የበኩር ልጁ ወንድ የሆነ መሪ ድርጅቱን ለቤተሰብ የማስተላለፍ ዕድሉ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ የልጁ ጾታ ደግሞ ከድርጅቱ ትርፍ ጋር በራሱ የሚያገናኘው ነገር የለም። በዚህ መንገድ ሲለካ፣ አመራሩ ለቤተሰብ አባል በመተላለፉ ምክንያት ድርጅቱ ካለው ሀብት አንጻር የሚያስገኘው የሥራ ትርፍ ቢያንስ በ4 መቶኛ ነጥብ ቀንሷል። ጉዳቱ በፍጥነት በሚያድጉና ከፍተኛ ክህሎት ያላቸው ሠራተኞች በሚያስፈልጓቸው ዘርፎች የባሰ ነበር።

ከዚህ ጥናት የቤተሰብ ልጅ መምራት አይችልም የሚል መደምደሚያ ማውጣት ተገቢ አይመስለኝም። እኔ የምረዳው፣ መሪን በትውልድ ቅደም ተከተል የሚመርጥ ሰው ከብዙ ዕጩዎች መካከል የመምረጥ ዕድሉን በገዛ እጁ እንደሚያጠብ ነው። የጃፓን ነጋዴ ቤተሰቦች ይህን ችግር ለረጅም ዘመን የፈቱት ብቃት ያለውን ጎልማሳ፣ ብዙ ጊዜም የሴት ልጃቸውን ባል፣ በጉዲፈቻ ወደ ቤተሰቡ በማስገባትና ስማቸውን በመስጠት ነው። የሱዙኪን ኩባንያ በፕሬዚዳንትነትና በሊቀ መንበርነት ከ40 ዓመት በላይ የመሩት ኦሳሙ ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ1958 የመሥራቹን የልጅ ልጅ አግብተው የቤተሰቡን ስም የወሰዱ ሰው ነበሩ። ልማዱን መቅዳት አያስፈልግም፤ ባለቤትነትን በቤተሰብ ውስጥ አቆይቶ መሪን በችሎታ መፈለግ እንደሚቻል ግን በግልጽ ያሳያል።

ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ሁለት ነገሮች ጎድለውበት አገኘሁ። ዘመድ ወዳጅ ስለ በኩር ልጅዎ የሚለው ተጽፏል፤ ልጅዎ ራሱ ምን እንደሚፈልግ ግን አልተጻፈም። በሌላ ሙያ የተሰማራ ሰው ሥራውን ትቶ የመምጣት ፍላጎት ይኖረው እንደሆነ ሳይጠየቅ ስለ እርሱ መወሰን ለእርሱም ለድርጅቱም በደል ነው። ሁለተኛው የባለቤትዎ ጉዳይ ነው። ድርጅቱን አብረዋት እንዳቋቋሙ በመጀመሪያው መሥመር ገልጸዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን በጠቅላላው ደብዳቤ ውስጥ ስሟ አይነሣም። ስለ ርክክቡ የመጀመሪያው ውይይት መደረግ ያለበት ከእርሷ ጋር ነው።

ከእነዚህ ሁለት ውይይቶች በኋላ የሰው ስም ሳያነሡ፣ በሚመጡት ዐሥር ዓመታት ድርጅቱ ምን ዓይነት መሪ እንደሚያስፈልገው በጽሑፍ ያስቀምጡ። አዲስ ገበያ መፈለግ ከሆነ ዋናው ሥራ፣ በሽያጭ ያደገችው ልጅዎ የተሻለ መነሻ አላት፤ የማምረቻ መሣሪያዎችን መለወጥና ብክነትን መቀነስ ከሆነ ሚዛኑ ወደ ምርት ኃላፊው ያዘነብላል። ዕጩዎቹን በቃለ መጠይቅ ሳይሆን በሥራ ይፈትኗቸው። ለእያንዳንዳቸው ገቢውም ወጪውም ተለይቶ የሚታወቅ አንድ የሥራ ዘርፍ ሙሉ በሙሉ ይስጧቸው፤ ሲሳሳቱም ስሕተቱ ድርጅቱን የማይጥል እስከሆነ ድረስ ጣልቃ አይግቡ። ይህ ፈተና አንድ ዓመት አይበቃውም፤ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈልጋል። በ67 ዓመትዎ ጤናዎና ጉልበትዎ አብረውዎት ሳሉ ሊጀምሩት የሚገባዎትም ስለዚህ ነው፤ ሳይደርቅ በእርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ እንዲሉ።

ሥልጣኑንም በአንድ ቀን አያስረክቡ። በዓመት ውስጥ የሚወስኗቸውን ውሳኔዎች ሁሉ ይዘርዝሩ፤ ዕቃ መግዛት፣ ሠራተኛ መቅጠርና ማሰናበት፣ ዋጋ መተመን፣ ለደንበኛ ዱቤ መፍቀድ፣ ከባንክ መበደር። ከዚያም እያንዳንዱ ውሳኔ ከእርስዎ እጅ የሚወጣበትን ቀን ይጻፉለት። መግዛትና መቅጠር ቀድመው ይሄዳሉ፤ መበደርና ቋሚ ንብረት መሸጥ በመጨረሻ ይሄዳሉ። ብዙ ርክክቦች ሲከሽፉ የምናየው የሥራ አስኪያጅነት መጠሪያው ለተተኪው ተሰጥቶ ውሳኔዎቹ በቀድሞው ሰው ኪስ ስለሚቀሩ ነው።

ያልተመረጡት ሰዎች ውሳኔውን ከእነምክንያቱ ከእርስዎ አንደበት፣ ከሌላው ሰው ሁሉ ቀድመው ይስሙ። በተለይ የምርት ኃላፊው ካልተመረጠ ሊለቅ ስለሚችል ደመወዙን፣ የሥልጣኑን ወሰንና በትርፍ ላይ የሚኖረውን ድርሻ በዚያው ዕለት በጽሑፍ ቢያረጋግጡለት ተተኪዎ በጣም ትጠቀማለች ወይም ይጠቀማል። ድርሻ ኖሯቸው በሥራው ላልተሰማሩ ልጆች ደግሞ ሁለት ነገሮች በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ አስቀድመው ይወሰኑ፤ ከዓመታዊ ትርፉ ምን ያህሉ እንደሚከፋፈል፣ እንዲሁም አንዱ ድርሻውን መሸጥ ሲፈልግ ለማን እንደሚሸጥና ዋጋው በምን ስሌት እንደሚወጣ። የስሌቱን ዘዴ ጠብ ከተነሣ በኋላ ለመስማማት መሞከር እጅግ ከባድ ነው።

ዘመዶችዎ ስለ ሦስተኛው ትውልድ የሚነግሩዎት ማስፈራሪያ ደግሞ በብዛት የሚጠቀሰው ጆን ዋርድ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ካሳተሙት ጥናት ተወስዶ ነው። ጥናቱ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የነበሩ 200 ያህል አምራች ድርጅቶችን የተከታተለ ሲሆን፣ በዚያው ቤተሰብ እጅ ሆነው ሦስተኛውን ትውልድ ያለፉት 13 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ነገር ግን በመልካም ዋጋ ተሸጠው በሌላ ባለቤት እጅ የቀጠሉት ድርጅቶችም በዚህ ቆጠራ ውስጥ ካልቆዩት ጋር ተደምረዋል። ከዕጩዎቹ መካከል ብቁ ሰው ካልተገኘ ድርጅቱን ደህና ገዢ አግኝቶ፣ ሠራተኞቹም ሥራቸውን ይዘው እንዲቀጥሉ ተዋውሎ መሸጥ ሊያፍሩበት የሚገባ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ የምሠራበት አነስተኛ ድርጅት ባለቤት በድንገት ታመው ሆስፒታል ሲገቡ በባንክ ፈራሚ ሌላ ሰው ስላልነበረ የሠራተኛ ደመወዝ ለሳምንታት ዘገየ። አሁን ድነው ተመልሰዋል። የሒሳብ ሠራተኛ እንደመሆኔ ይህ እንዳይደገም ምን ባቀርብላቸው ይሻላል?

መልስ፦ ተተኪ እስኪመረጥ የማይጠብቅ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊጠናቀቅ የሚችል ሥራ ነው። በመጀመሪያ በድርጅቱ ስም በቃለ ጉባኤ የተወሰነ ሁለተኛ ፈራሚ በባንክ ይመዝገብ። ብዙዎች ለዚህ የግል ውክልና ይበቃል ብለው ያስባሉ፤ ነገር ግን በብዙ አገሮች ሕግ መሠረት ተራ ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል፣ ወካዩ ራሱን መምራት ሲሳነውም ልዩ ቃል ካልተጻፈበት በስተቀር ዋጋ ሊያጣ ይችላል፤ ማለትም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይጠፋል። የአገራችሁ ሕግ ምን እንደሚል የሕግ ባለሙያ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ በማይኖሩበት ጊዜ ተጠባባቂ የሚሆነው ሰው በስም ይወሰን፤ እስከ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያዝና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይም ይጻፍለት። ሦስተኛ፣ የብድር ውሎች፣ የተሰጡ ዋስትናዎች፣ የመድን ሰነዶች፣ የዋና ዋና ደንበኞችና አቅራቢዎች ውሎች እንዲሁም የኮምፒውተር የይለፍ ቃሎች በአንድ የታሸገ ማኅደር ተሰብስበው ሁለት ሰዎች በሚያውቁት ቦታ ይቀመጡ። ማኅደሩ በየዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ ይታደስ።

ጥያቄ፦ አባቴ ድርጅቱን ካስረከበኝ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በወረቀት ሥራ አስኪያጇ እኔ ነኝ። አባቴ ግን በየቀኑ ከሁላችንም ቀድሞ ይገባል፤ ሠራተኞችም እኔ የከለከልኳቸውን ነገር እርሱን ጠይቀው ያስፈቅዳሉ። ባለፈው ወር ያሰናበትኩትን ሰው መልሶ ቀጠረው። እወደዋለሁ፣ አከብረዋለሁም፤ እንዲህ ግን መሥራት አልቻልኩም።

መልስ፦ ጄፍሪ ሶነንፌልድ የተባሉ አሜሪካዊ የአመራር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 መሪዎች ከሥልጣን የሚወጡባቸውን መንገዶች በአራት ከፍለው ነበር። ነገሥታት ብለው የጠሯቸው እስኪሞቱ ወይም በግድ እስኪነሡ ድረስ አይወጡም። ጄኔራሎቹ ይወጣሉ፤ ነገር ግን ተተኪው ሲቸገር ተመልሰው ድርጅቱን የሚያድኑበትን ቀን ይጠብቃሉ። አምባሳደሮቹ በሰላም ወጥተው ሲጠየቁ ብቻ ይመክራሉ። አገረ ገዢዎቹ ደግሞ ጊዜያቸውን ጨርሰው ፈጽሞ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ። አባትዎ ወጥተው ሳይወጡ የቀሩ ጄኔራል ይመስላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ክፉ አይደለም፤ ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ በዚያ በር ሲገባ የኖረ ሰው ሌላ የሚገባበት በር ካልተዘጋጀለት በስተቀር እግሩ ወደዚያው ይወስደዋል።

ስለዚህ ከመቆጣትዎ በፊት አባትዎ የማይወጡበትን ምክንያት ይመርምሩ። ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ምክንያት አለ፤ መሥራቹ ለእርጅናው ያስቀመጠው ገንዘብ የለውም፣ ኑሮው በሙሉ ከድርጅቱ ካዝና በሚወጣ ገንዘብ ላይ የተመሠረተ ነው። እንዲህ የሆነ ሰው ካዝናውን ከሩቅ ሆኖ ማመን አይችልም። ከሒሳብ ባለሙያ ጋር ተቀምጣችሁ አባትዎና እናትዎ በየወሩ የሚያስፈልጋቸውን ገንዘብ ወስኑ፤ ክፍያውም በውል የተጻፈ፣ በእርስዎም ሆነ በማንም ፈቃድ ላይ ያልተንጠለጠለ ይሁን። ይህ ሲረጋገጥ በየማለዳው የመምጣቱ ነገር ራሱ ሲቀንስ ሊያዩ ይችላሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ከአባትዎ ይልቅ ሠራተኞቹን ይመለከታል። ሁለት በር ያለው ቤት ለጠያቂ ይመቻል፤ በአንዱ የተከለከለ በሌላው ይሞክራል። ይህን የሚዘጋው ቁጣ ሳይሆን በእርስዎና በአባትዎ መካከል የሚደረግ ግልጽ ስምምነት ነው። አባትዎ ለጠያቂው ሁሉ «ይህን የምትወስነው እርሷ ናት» የሚል አንድ መልስ ብቻ እንዲሰጡ ይስማሙ፤ የተለየ አስተያየት ቢኖራቸው ለእርስዎ ብቻቸውን፣ በር ተዘግቶ ይንገሩዎት። እርስዎም በበኩልዎ በሠራተኞች ፊት ውሳኔያቸውን አይሻሩ። የተመለሰውን ሠራተኛ ዛሬ እንደገና ማሰናበት አባትዎን በአደባባይ ማዋረድ ይሆናል፤ ስምምነቱ ከተደረገ በኋላ ስለ እርሱ ሁለታችሁ አብራችሁ ወስኑ።

ከዚያም አባትዎ ብቻ የሚያውቁትን ነገር በዕቅድ ይረከቡ። የትኛው ደንበኛ ዘግይቶም ቢሆን እንደሚከፍል፣ የትኛው አቅራቢ በችግር ጊዜ በዱቤ እንደሰጣቸውና ምን ቃል እንደገቡለት፣ አንዳንድ አሠራር ለምን እንደተተወ፤ ይህ ሁሉ በየትኛውም መዝገብ አይገኝም። በሳምንት አንድ ቀን ለዚህ ብቻ ተቀመጡ፤ ወደ ደንበኞቹም አብራችሁ ሂዱና እርስዎን በሥራ አስኪያጅነት ያስተዋውቁ። አባትዎ የሚያስረክቡት ውድ ነገር እንዳላቸው ሲያዩ መውጣት እንደ መጣል አይታያቸውም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት። የድርጅቱ አብላጫ ድርሻ አሁንም በአባትዎ ስም ከሆነ፣ በሕግ ፊት እርስዎን የማንሣት ሥልጣን አላቸው፤ ሥራ አስኪያጅነትዎም በእርሳቸው መልካም ፈቃድ የቆመ ነው። ስለዚህ ድርሻው መቼና እንዴት እንደሚተላለፍ በጽሑፍ የተደረሰ ስምምነት ይጠይቁ። ለአባትዎም ስምና ወሰን ያለው ቦታ ያዘጋጁ፤ ለምሳሌ በሦስት ወር አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ አማካሪ ቦርድ ሰብሳቢ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በቦርዱም ውስጥ ከቤተሰቡ ያልሆኑ ሁለት ሰዎች ይኑሩበት። ቢሯቸው ከማምረቻው ግቢ ውጭ ቢሆን ይመረጣል።

ይህን ገጽ ለአባትዎ እንዲያነቡት ቢሰጧቸው ደግሞ እርሳቸውን በቀጥታ ልጠይቃቸው የምፈልገው ነገር አለ። ክቡር አባታችን፣ ልጅዎ ከእርስዎ በኋላ የምትወስነው የመጀመሪያ ከባድ ውሳኔ እርስዎ በሕይወት እያሉ፣ ስትቸገርም ልትጠይቅዎት በምትችልበት ጊዜ ቢሆን አይሻልም?

ጥያቄ፦ ከቤተሰቡ ውጭ ነኝ። ድርጅቱን በምክትልነት ለዐሥራ አንድ ዓመት መርቻለሁ። ባለቤቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ እንድሆን ጠይቀውኛል፤ ድርሻ ግን አላነሡም፤ «ለአንተ አስቤልሃለሁ» ብቻ ነው የሚሉት። በባንክ ብድሩም ላይ የግል ዋስ ሆኜ እንድፈርም ይፈልጋሉ። ልጆቻቸው በሥራው የሉበትም። ልቀበል?

መልስ፦ ሹመቱን መቀበል ይችላሉ፤ ዋስትናውን ግን አሁን ባለው ሁኔታ አይቀበሉ። የግል ዋስ የሆነ ሰው ድርጅቱ ሲወድቅ ከገዛ ቤቱና ንብረቱ ይከፍላል፤ ድርጅቱ ሲያድግ ግን ድርሻ ከሌለው የሚደርሰው ደመወዙ ብቻ ነው። ኪሳራውን ተሸክሞ ትርፉን መተው ፍትሐዊ አይደለም፤ ባለቤቱም በጽሞና ቢያስቡት ይህን አያጡትም። «አስቤልሃለሁ» የሚለው ቃል ከልብ የተነገረ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ወራሾችን አያስገድድም። ባለቤቱ ባረፉ ማግስት አለቆችዎ የሚሆኑት በሥራው የሌሉበት ልጆቻቸው ናቸው።

ገንዘብ ስለሌለኝ ድርሻ መግዛት አልችልም ብለው አይተዉት። በአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ዘንድ የተለመደው መንገድ ሻጩ ራሱ ለገዢው ጊዜ መስጠቱ ነው፤ ዋጋው በገለልተኛ ባለሙያ ተተምኖ፣ ገዢው ከየዓመቱ የትርፍ ድርሻው እየከፈለ በአምስት ወይም በሰባት ዓመት ውስጥ ባለቤት ይሆናል። ይህ ለባለቤቱም ይጠቅማል፤ በጡረታ ዘመናቸው የተረጋገጠ ገቢ ያገኙበታል። ሌላው መንገድ ድርሻውን ሠራተኞቹ በጋራ የሚጠቀሙበት አደራ ተቋም እንዲይዘው ማድረግ ነው፤ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው የፋይናንስ ሕግ አብላጫ ድርሻቸውን በዚህ መንገድ ለሚሸጡ ባለቤቶች የግብር እፎይታ ሰጥታለች። የአውሮፓ ኮሚሽንም ገና እ.ኤ.አ. በ1994 ለአባል አገሮቹ ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ የአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ዝውውር፣ ለሠራተኞች የሚደረገውን ጨምሮ፣ እንዲቀልል ጠይቋል። በእርስዎ አገር ምን እንደተፈቀደ አንድ የሕግና አንድ የሒሳብ ባለሙያ ያማክሩ።

ሲደራደሩም ራስዎን አያሳንሱ። የጃፓን መንግሥት ባወጣው ትንበያ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ 2.45 ሚሊዮን ያህል የአነስተኛና መካከለኛ ድርጅት ባለቤቶች ዕድሜያቸው ከ70 እንደሚያልፍ፣ ከእነርሱም ግማሽ ያህሉ ተተኪ እንዳልወሰኑ አመልክቶ ነበር፤ ትርፋማ ሆነው ሳለ ተረካቢ አጥተው የሚዘጉ ድርጅቶች በዚያ አገር የታወቀ ችግር ናቸው። ልጆቹ በሥራው በሌሉበት ድርጅት ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት የሠራ፣ ደንበኞች የሚያውቁትና ሠራተኞች የሚታዘዙለት ሰው በቀላሉ አይገኝም።

ለባለቤቱ በአክብሮት፣ በጽሑፍ አራት ነገሮችን ያቅርቡላቸው፤ የሥልጣንዎ ወሰን፣ ድርሻው የሚተላለፍበት የጊዜ ሰሌዳና የዋጋ ስሌት፣ ባለቤቱ ቢሞቱ ወራሾቻቸው ውሉን የሚያከብሩበት አንቀጽ፣ እንዲሁም ያለ በቂ ምክንያት ቢሰናበቱ የሚከፈልዎት ካሣ። ልጆቻቸውም ውሉ ሲፈረም ተገኝተው እንዲያውቁት ይጠይቁ። ለመልሱ የሁለትና የሦስት ወር ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው፤ እስከዚያው ሥራውን በተጠባባቂነት ቢመሩ ነውር የለውም። በባንኩ የዋስትና ሰነድ ላይ ግን ውሉ ከመፈረሙ በፊት ስምዎን አያኑሩ።